ቆመው የታዩ ነጥቦች

ሱዳን ውስጥ ባሕሪ በሚባለው ከተማ በሚገኘው የኡስታ ሐሰን ራዲዮ መጠገኛ ቤት ሥራ በጀመርሁ ዕለት፣ ከሶኬት የተነቀለ ራዲዮ ከፍቼ ትልቁን ካፓሲተር በጣቴ ነካሁ። ወደ ግድግዳው ወረወረኝ። ዲያቆን መሆኔን ነግሬው ነበርና አሠሪዬ በዐረብኛ «ዲያቆን ሆይ» ብሎ ሳቀብኝ።

«ያ ሸማስ፣ ኤሌክትሪክ ዲያቆንና ሼክ አይለይም! ቢነቀልም ኃይሉ ውስጡ ይቆያል። መጀመሪያ አራግፈው።»

ከእርሱ የተማርሁት ሥርዓት ይህ ነው፦ ያረጀውን ካፓሲተር በመበየጃ ማንሣት፣ የመያዝ ዐቅሙን፣ ማይክሮፋራዱን፣ ከቀድሞው ጋር ማስተካከል፣ ቮልቱን አለማሳነስ፣ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን አለማቀያየር። እርሱ ካረፈ በኋላም ብቻዬን በዚሁ ሥርዓት ሠራሁ።

አንድ ቀን ሳሚያ የምትባል ነርስ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ይዛ መጣች። እናቷ ኢትዮጵያዊት፣ አባቷ ሱዳናዊ ናቸው። አባቷ በሠርግ ቤት ይዘፍኑ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ድምፃቸው የቀረው በአንዲት ሸክላ ላይ ብቻ ነው። የማጫወቻው ፍጥነት ግን ይዋልል ነበር።

«ዓሚ፣ አጎቴ፣ እናቴ ዓይን የላትም አሁን። በሽታውም ጠንቷል። የአባዬን ድምፅ ብቻ ነው የምትጠይቀው። ያላ፣ ቶሎ በልልኝ።»

ሰባት ካፓሲተር ቀየርሁ። ሸክላውን በሚያዞረው ሳህን ጠርዝ ነጥቦች አሉ፤ ሳህኑ እየዞረ የማጫወቻው ትንሽ አምፖል ሲበራባቸው የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። የፍጥነቱን ብሎን እያዞርሁ አስተካከልሁ፤ ቆሙ። ድምፁ ለጎልማሳ ጥቂት የቀጠነ መሰለኝ፤ ዜማ የተማረ ጆሮ አለኝና። ነገር ግን ነጥቦቹን አመንሁ፤ አስረከብሁም።

ሳሚያ በማግስቱ ተመለሰች።

«እናቴ፣ እሱ አይደለም አለች። ታናሽ ወንድሙን ነው ያመጣሽብኝ፣ አለች።»

«ነጥቦቹ ቆመዋል። እናትሽ አርጅተዋል» አልኋት።

«የጠፋባት ዓይን ነው፣ ዓሚ። ጆሮ አይደለም።»

ካቻቪቴዬን ይዤ በሚኒባስ ወደ ሰፈራቸው ወደ ካላክላ ተከተልኋት። በቤታቸው የመንግሥት መብራት ነበረ። ማጫወቻውን ስንከፍተው ነጥቦቹ እንደ ጉንዳን ወደ ፊት ሄዱ።

ስሕተቴ ያን ጊዜ ገባኝ። አምፖሉ ዓይን በማይለየው ፍጥነት ይብለጨለጫል፤ የብልጭታውም ፍጥነት በሚመጣለት ኤሌክትሪክ ልክ ነው። እኔ በዚያ ቀን መብራት ጠፍቶብኝ በጄኔሬተር ሠርቼ ነበር፤ ጄኔሬተሩም ከልኩ ይፈጥናል። ነጥቦቹ የቆሙልኝ ሳህኑም ከእርሱ ጋር ስለ ፈጠነ ነበር።

የፍጥነቱን ብሎን ጥቂት መለስሁት። ነጥቦቹ ቆሙ፤ ድምፁም ወፈረ።

ሕመምተኛዋ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«እስከዚህ ሰዓት የት ቆየህ?» አሉት።

ሳሚያ ወደ ደጅ ወጣች። እኔ ሸክላው እስኪያልቅ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ወዲህ በጄኔሬተር ፍጥነት አላስተካክልም። ካፓሲተር መቀየር የሥራው ግማሽ ነው። መለኪያው በምን እንደሚሠራ ሳታረጋግጡ ዕቃ አታስረክቡ።