የማይለቅ እጅ

ሽታዬ ሮቦት የሚሉትን ነገር ፈልጋ አልሄደችበትም፤ እሱ ነው ቤቷ ድረስ የመጣባት፣ ያውም በወንድሟ ደም። ከአባቷ የወረሰችው ሙያ እንጅባራ ላይ ኮርቻና ልጓም መስፋት ነበር። የእሷን ጠፍር ፈረስ ሲበጥሰው ያየ የለም፤ እሷም ይህን ሳትናገር ውላ አታውቅም።

ታናሽ ወንድሟን ደርበውን የወፍጮ ችንጋ ግራ እጁን ቆረጠው። ቁስሉ ሻረ፣ ሰውየው ግን አልሻረም። ጉግስ ሲወጣ በቀኙ ዘንግ ይያዝ፣ የልጓሙን ጠፍር፣ ዛቡን፣ ማን ይያዝለት?

«እታለም፣ እኔ እኮ ከሰው ቁጥር ወጣሁ» አላት አንድ ቀን። እሷም እጅ ልትሠራለት ተነሣች።

ከተሰባበረ ባጃጅ የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ገዛች። የባጃጅ መካኒኩ ይሄነው ሽቦ አያያዙን አስተማራት። ብረቱን በቆዳ ለብዳ፣ ስትሠራ ስታፈርስ ከረመችና እጅ አወጣችለት። ደርበው ወገቡ ላይ ያለችውን ማብሪያ በክርኑ ሲነካት እጁ ይጨብጣል፣ ደግሞ ሲነካት ይለቃል።

«ሽቦው ቢበጠስስ? ይህ ሞተር እኮ ኃይል ካጣ እንደጨበጠ ነው የሚቀረው» አላት ይሄነው።

«ታዲያስ! ከእኔ ቤት የወጣ ነገር መቼ ለቆ ያውቃል?» ብላ ሳቀችበት። ወይ ጥጋብ!

ደርበው ሁለት ሳምንት እንደ ልቡ ጋለበ። ሰው በስልኩ እየቀረፀ ተቀባበለው። በሦስተኛው ሳምንት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ሲለማመድ ፈረሱ ተደናቀፈና ጣለው። ሽቦው ተበጠሰ፤ እጁ ዛቡን እንደጨበጠ ቀረ። የደነገጠው ፈረስ ድንጋይ ለድንጋይ ጎተተው። ሰው ደርሶ ፈረሱን ሲይዘው ደርበው በሕይወት አልነበረም። እሷ ከሰፋችው አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም።

ቪዲዮውን ያየ፣ ሮቦት መሥራት የሚያስተምር አንድ የኮሌጅ መምህር ለቅሶ ቤት መጥቶ «ከእኛ ጋር እጅ ብትሠሪስ?» ቢላት አባረረችው። አርባው ካለፈ በኋላ ግን ራሷ ኮሌጁ ድረስ ሄደች። ቤት ውስጥ የደርበው ኮርቻ እያያት መቀመጥ አልቻለችማ።

ይኸው አራት ዓመቷ። ተማሪዎቹ «ኢንጂነር» ሲሏት ፊቷን ታዞራለች። አዲስ እጅ ሠርተው ሲያመጡላት አጨባበጡን አትጠይቅም፤ ሽቦውን ትነቅልና «ሲለቅ አሳዩኝ» ትላለች። ከዚያም የክንዱ መጋጠሚያ ላይ አንዲት ቀጭን ክር በእጇ ትሰፋለች፣ ሰው ሲወድቅ ተበጥሳ እጁን እንድትለቅ።

ይህች ክር ያኔ ኖራ ቢሆን፣ ደርበው ዛሬ «እታለም፣ ክርሽ ተበጠሰ፣ ሙያሽ ተበላሸ!» እያለ ይስቅባት ነበር።