አንዱ ደም በሁለት መለኪያ

አንጋፋዋን የላብራቶሪ ባለሙያ ባልደረቦቻቸው «እማማ ጠብታ» ይሏቸው ነበር። ስሙ የወጣላቸው እግዚአብሔር የማይንቀጠቀጥ እጅ ስላደላቸው ነው። ፒፔት የተባለውን ቀጭን ማንጠባጠቢያ ጨብጠው የደም ውሃውን በመመርመሪያው ሳህን ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ሲያንጠባጥቡ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ኋላ በሚወጣው ቀለም ድምቀት፣ ሴት የቀራትን የእንቁላል ክምችት የሚጠቁመው ሆርሞን መጠኑ ይታወቃል።

አዲሱ ማሽን በገባ ጊዜ፣ አንዱን ደም በእጅም በማሽንም መርምረው እንዲያስተያዩ የላብራቶሪው አለቃ አዘዛቸው። የማሽኑ ቁጥር ሁልጊዜ ዝቅ ይል ነበር። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሁለቱም የየራሳቸው መለኪያ አላቸውና። ነውሩ የአንዱን ቁጥር ከሌላው አጠገብ አስቀምጦ «ቀነሰ» ማለቱ ነው። ይህንኑ ለአለቃው ቢነግሩት በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው።

አንዲት ልብስ ሰፊ አምና በእጅ ተመርምራ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ በማሽን ተመረመረች። አለቃውም በውጤቷ ላይ «በእጅጉ ቀንሷል» ብሎ ፈረመ። አብራት የመጣችው አማቷ ወረቀቱን ነጥቃ ለተራ ጠባቂው ሁሉ አሰማች።

«አላልኩም? ባዶ ቀፎ ናት! ልጄ ነገውኑ ሌላ ያገባል!»

ይህን የሰሙት እማማ ጠብታ የተረፈውን ደም ወስደው በእጃቸው መረመሩት፤ ከአምናው ውጤት እምብዛም አልራቀም። ይህንን ይዘው ሲገቡ አለቃው በስቴኪኒ ጥርሱን ይጎረጉር ነበር።

«እማማ፣ ይሄን ብናወጣ ማሽኑን ማን ያምነዋል?»

«ኧረ ልጄ፣ የሰው ትዳር እየፈረሰ ነው!»

«ትዳር የእኛ ክፍል ሥራ አይደለም» አለና፣ ከጥርሱ ያወጣውን አየት አድርጎ መልሶ ዋጠው።

እማማ ጠብታ ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ፈጣሪ በአምሳሉ የሠራውን ሰው እንዲህ የሚንቅ አፍ ከሚተነፍሰው አየር መካፈሉ ራሱ ቀፈፋቸው። በአገናኝ መንገዱም ሁሉ እየሰማ ለልብስ ሰፊዋ፦

«ልጄ፣ አምና በእጅ፣ ዘንድሮ በማሽን ነው የተለካሽው። ዛሬ ያንኑ ደምሽን በእጄ ደገምኩት፤ እንደ አምናው ነው። ልጅ መስጠት የፈጣሪ ነው፤ አልቆባታል ያለ ግን ዋሽቷል» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። «እንግዲያው እሱም ይመርመር።»

«ልጄን? ወንድ ልጅ በብልቃጥ ሊለካ? እንትፍ!» አለች አማቷ ከአግዳሚ ወንበሩ ሳትነሳ፤ አክታዋም የተወለወለው ወለል ላይ አረፈ።

ልብስ ሰፊዋ አክታውን አየችው። ከዚያም ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመችላትን ቦርሳ ከትከሻዋ አውርዳ በአማቷ ጭን ላይ አስቀመጠች።

«ይያዙት፣ እትዬ። ልጅዎን ይዘው እስኪመጡ እኔ እዚሁ ነኝ።»