በጾም የመጣ ዓሣ

የልጅ ልጄ የባሕር እንስሳት ተመራማሪ እሆናለሁ ስትል ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። የምታውቀው ከሴቻ ግቢያችን ቁልቁል የሚታየውን የአባያን ሐይቅ ነው። እናቷ ለሥራ ሐዋሳ ስለምትኖር ያደገችው እኔ ጋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዓሣ መማር ስትጀምርም አዳሯ እኔ ቤት ነበር።

በሁዳዴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሯ ጭቃ እንደሆነ ከሐይቁ መጣች። በላስቲክ ከረጢት ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ሆድ ዕቃ ይዛለች። ዓሣው ምን እንደበላ በማጉያ መነጽር መርምራ እስክታይ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሆኖ መቀመጥ አለበት አለችኝ።

«እዚህ ቤት አይገባም» አልኳት።

«እማማ፣ የሚበላ አይደለም እኮ።»

«ዓሣ ነው። ጾም ነው።»

«የሚጾሙት እርስዎ ነዎት፤ ፍሪጁ አይጾምም።»

ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ ሰዎች በከተማችን ሞልተዋል፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ፍሪጁ ፊት ቆምኩባት። ከረጢቷን አንጠልጥላ ወጣች።

አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ፕሮቴስታንት ናት። ላንቴ ያሉ ዘመዶቿ በሚልኩላት ሙዝና ማንጎ ጁስ እየሠራች ስለምትሸጥ ቤቷ ትልቅ ማቀዝቀዣ አለ። አንዱን መደርደሪያ አራግፋ ለልጅቷ ሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከሐይቅ ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው እዚያ ሆነ። ከረጢቱን ታስቀምጥና ትቆያለች። ሳቃቸው ይሰማኛል። የሚሰማኝ ልብስ የማሰጣው በአጥሩ በኩል ስለሆነ ነው። የደረቀ ልብስም አስጥቻለሁ።

ጎረቤቴ ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ናት። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ባዮሎጂም እወድ ነበር። ስለ ዓሣ ሆድ የሚወራ ካለ ለእኔ ቢወራ ይሻል እንደነበር አሁንም አስባለሁ። ልጅቷ እኔን «እርስዎ» ትለኛለች፤ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ጎረቤቴን ግን «አንቺ» ነው የምትላት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከአጥሩ ወዲያ እልልታ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ እየሮጠች ገባች።

«ማን አገባ?» አልኳት።

«እማማ፣ ተቀበሉኝ! ውጭ አገር፣ ባሕር አጠገብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው።»

«እልልታው ነግሮኛል።»

ፊቷ ጠወለገ። መረቅኋት፤ ምርቃቱ ግን አጭር ነበር።

ትምህርቷን ጨርሳ በመስከረም ስትሄድ የቀሩትን ከረጢቶች ለጎረቤቴ አደራ ሰጠች። ለጥናቴ ያስፈልጉኛል፤ ተመልሼ እጨርሳቸዋለሁ አለች። ስልክም ስትደውል መጀመሪያ ወደዚያ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ሆነ። ለዓሣው ነው ተባለ።

ሁዳዴ እንደገና ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጎረቤቴ ከረጢቶቹን በሳፋ ይዛ በሬ ላይ ቆመች። የቤቷ የመብራት መስመር ተቃጥሏል፤ የእኔ ደህና ነበር።

«እትዬ፣ ጾም መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሊቀልጥብኝ ነው። ወዲያ ሠፈር የማውቃት ሴት አለች፣ እሷ ጋ ልውሰደው?»

ሦስተኛ ሴት ልትጨመር ነው ማለት ነው።

«የት ትወስጂዋለሽ!» ብዬ ሳፋውን ተቀበልኳት።

የፍሪጄን የላይኛውን የበረዶ ክፍል ባዶ አድርጌ ከረጢቶቹን ደረደርኩ። እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ።

መስመሩ ሲጠገን ጎረቤቴ ተመልሳ መጣች።

«መብራት መጣ፤ ላንሳልዎት።»

«ወዲያ ወዲህ ሲባል ይበላሻል። ይቀመጥ።»

«ጾሙስ፣ እትዬ?»

«የምጾመው እኔ ነኝ፤ ፍሪጁ አይጾምም።»

እስኪያንቃት ሳቀች። ያኔ የተባባልነውን ልጅቷ ነግራት ኖሯል። ይህም ደስ አላለኝም።

አሁን ስልኩ መጀመሪያ የሚጮኸው እኔ ቤት ነው። ልጅቷ ከጤናዬ በፊት የከረጢቶቹን ትጠይቀኛለች። ሄጄ ከፍቼ አያለሁ። ከዚያ በአጥሩ በኩል ያለውን መስኮት እከፍትና ጎረቤቴም እንድትሰማው ድምፄን ከፍ አድርጌ ልጅቷን «አልቀለጠም» እላታለሁ።