በሰው ምላስ የተቀመሰ ስጎ

ካርቱም ውስጥ ወይን ጠጅ አይሸጥም። እኔ ግን እዚያው ካርቱም ስድስት ዓመት ሙሉ የወይን አገር ምግብ ስሠራ ኖሬያለሁ።

አሠሪዬ ፈረንሳዊት ነበረች፤ ማዳም ነው የምንላት። የተወለደችው በደቡብ ፈረንሳይ፣ የወይን ማሳው ቁልቁል ወርዶ ባሕሩ ላይ በሚያበቃበት ዳርቻ ነው። የአገሯን ምግብ ካላገኘች የምትነጫነጭ ሴት ስለሆነች አንድ በአንድ አስተማረችኝ። ወይን ጠጅ በሚገባበት ቦታ የወይን ጭማቂና ኮምጣጤ አፍልተን እንጨምራለን፤ በባሕር ዓሣ ፈንታ የአባይን ዓሣ እንሠራለን። ስትቀምስ ዓይኗን ጨፈን ታደርግና «ትንሽ ቀረው» ትላለች። ይቺ «ትንሽ ቀረው» ስታንገበግበኝ ኖረች።

ወንድሟ እዚያው ዳርቻ ላይ ቢስትሮ አለው። ቢስትሮ ትንሽ ምግብ ቤት ነው፤ ጠረጴዛዎቹ የተጠጋጉ፣ የቀኑ ምግብ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበት፣ ሰው በቀትር ወይኑን ይዞ ያለ ሐሳብ የሚያወራበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ነጭ ጨርቅ በለበሱ ጠረጴዛዎች ላይ በሚያስተናግድ ትልቅ ምግብ ቤት ሠርቷል። የዚያንም ፎቶ ማዳም አሳይታኛለች። ትሪ በሚያክል ሳህን መሃል ሁለት ጉርሻ የማይሞላ ዓሣ፣ ጎኑ ላይ ሦስት ጠብታ ስጎ። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ለሕመምተኛም እንዲህ አይቀርብም ብዬ። ኋላ ግን ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ ከሰው ጋር ተጣብቄ ወደ ሰፈሬ ወደ ዴም ስመለስ ያንን ሳህን ማሰብ አመጣሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በየዓመቱ በሰቀቀን የማሳድስ፣ ዴም ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየሁ ሴት ነኝ። ያንን ሳህን ከወጥ ቤት የማወጣው እኔ ብሆን ብዬ ተመኘሁ።

ሁለተኛዋን ሠራተኛ እዚያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። የወሎ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፣ ከእኔ በስምንት ዓመት የምታንስ፣ ጀብራ ሰፈር ከአክስቷ ጋር የምትኖር። እታለም እያለች ነው የምትጠራኝ። ስትመጣ ሽንኩርት አከታተፍ እንኳ አታውቅም ነበር።

በመካከላችን ማዳም የማታውቀው ስምምነት ነበረን። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በሑዳዴ ወራት፣ ቅቤና ሥጋ የነካ ነገር ወደ አፌ አላስገባም፤ እሷ ትቀምስልኛለች። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቀን ቀን የእሷን ድስት የምቀምስላት እኔ ነኝ። «በቃው» ካለች በቃው ነው። «ጨው ያንሰዋል» ካልኳት ትጨምራለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ስንሠራ አንዳችን የሌላችንን ምላስ ተጠራጥረን አናውቅም።

ከዚያ አንድ ቀን እሷ የሠራችውን የዓሣ ሾርባ ማዳም ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቀረው ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ይኸው፣ አሁን ቤቴ ገባሁ» አለች። የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጇን ማማር፣ የሳቋን መብዛት፣ ማዳም ስሟን የምትጠራበትን ድምፅ ሁሉ ስቆጥር ዋልኩ። እሷ ምንም አላወቀችም። እታለም ማለቷን አልተወችም።

በሑዳዴ አራተኛው ሳምንት ወንድምየው እህቱን ሊጠይቅ መጣ። ማዳም ሁለታችንንም ጠርታ አስቀመጠችንና፣ ለቢስትሮው ወጥ ቤት አንዲት ሴት እንደሚፈልግ፣ ወረቀቷንም ራሱ እንደሚጨርስ ነገረችን። «ነገ ለምሳ እያንዳንዳችሁ አንድ ዓሣ ትሠራላችሁ፤ የሚመርጠው እሱ ነው» አለች። ልጅቷ እጄን ጨበጥ አደረገችና በጆሮዬ፣ «ኢንሻአላህ አንቺን ይመርጣል፤ ቀድመሽኝ ነው የመጣሽው» አለችኝ። አላመንኳትም። እኔ ብሆን እንደዚያ አልመኝላትም ነበር።

ወንድምየው በሻንጣው የዳርቻቸውን ጨዋማ ዓሣ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እንደ ጣት የቀጠነ፣ በጨው ተነክሮ በጠርሙስ የታሸገ። እሱን በቅቤ አቅልጬ ስጎ ላደርገው አሰብኩ። ሲቀልጥ መልኩ አማረ፣ ሽታውም ደኅና ነበር። ጣዕሙን ግን ከየት ላውቀው። እንደ ልማዳችን ማንኪያውን ለእሷ ሰጠኋት።

ቀመሰች። «በቃው፣ እታለም። ዋላሂ ልክ ነው፤ ጨው እንዳትጨምሪበት» አለች።

ይቺ «እንዳትጨምሪበት» ቆረቆረችኝ። ሌላ ጊዜ «በቃው» ብላ ነው የምታልፈው። ዛሬ ምን አስጨነቃት? የእኔ ለዛ እንዲያጣ፣ የእሷ እንዲጎላ ነው አልኩ በሆዴ። እሷ የራሷን ለማውጣት ወደ ምድጃው ጎንበስ ስትል ከጨው ዕቃው ቆንጥሬ ጨመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጨመርኩ።

ወንድምየው የእሷን አስቀደመ። በልቶ ሲጨርስ ዳቦ ጠይቆ ሳህኑን በዳቦው ጠረገ። ቀጥሎ የእኔን አንድ ጉርሻ ቀመሰና ሹካውን አስቀመጠ። ውሃ ጠጣ። በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አለ።

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «ቀምሰሽዋል ወይ? ይልሻል።»

«ቀምሻለሁ» አልኩ። የሠራሁትን ሳልቀምስ ነው የማቀርበው ብዬ ሥራ ማጣት አልፈለግኩም።

ሰውየው አልተቆጣም። ንጹሕ ማንኪያ አነሣ፣ ከሳህኔ ስጎውን ሞላና ወደ እኔ ዘረጋ። እሷ የውሃውን ጆግ ይዛ ከኋላዬ ቆማ ነበር። በዓረብኛ፣ «ማዳም፣ እሷ እኮ ሷይማ ናት፤ ጾም ላይ ናት፤ የምቀምስላት…» ብላ ጀመረች። ልታድነኝ ነበር። እኔ ግን ያኔ የታየኝ በሰዎቹ ፊት ውሸታም ልታደርገኝ እንደሆነ ነው። ገላመጥኳትና ዝም አሰኘኋት። ማንኪያውን ተቀብዬ ዋጥኩት።

መጀመሪያ ቅቤው መጣ። ከሃያ ምናምን ቀን በኋላ ነውና ለአንድ አፍታ ጣመኝ። ከዚያ ጨው፣ ሌላ ምንም አልነበረውም። ያ ቀጭን ዓሣ ብቻውን የሚበቃውን ጨው ይዞ ነው የመጣው። ይህን ስለቀመሰችው ነበር እንዳትጨምሪ ያለችኝ።

ወጥ ቤት ስንገባ በሩን ዘጋች።

«ልክ ነበር እኮ» አለች።

«እጄ ስቶኝ ነው።»

«እጅሽ ስቶሽ አያውቅም፣ እታለም።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «በጾምሽ እኮ ነው የዋጥሽው» አለች፤ ለእኔ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያን ቀን ከሁሉ ያናደደኝ ይህ እንባዋ ነው።

የተመረጠችው እሷ ናት። ወረቀቷ እስኪያልቅ አራት ወር ፈጀ፤ አራቱንም ወር ጎን ለጎን ሠራን። መሃሉ ላይ ረመዳን ገባና እንደ ወትሮው ቀመስኩላት። ጨው ያንሰዋል ብዬ የእሷንም ድስት ላበላሽ ስንት ቀን አምሮኛል። አላደረግኩትም፤ ከደግነት ሳይሆን ማዳም ነገሩን ትደርስበታለች ብዬ ፈርቼ ነው። እሷ ግን «በቃው» ስላት አንድም ቀን እጇን ወደ ጨው ሰዳ አታውቅም።

የምትሄደው እሁድ ጠዋት ነበር። «መጥተሽ ሸኚኝ፤ ሌላ እህት የለኝም» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ አልኳት። እንዳልዋሽ ብዬ እውነትም ሄድኩ።

የንስሐ አባቴን ከቅዳሴ በኋላ አገኘኋቸው። በሑዳዴ ጾሜን መግደፌን፣ ቅቤ መብላቴን ነገርኳቸው።

«ወደሽ ነው ወይስ ተገድደሽ?» አሉኝ።

«ተገድጄ ነው፣ አባቴ። አሠሪዎቼ አስገድደውኝ።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «የሰው አገር ኑሮ ይኸው ነው፣ ልጄ። አይዞሽ፤ ሰው ቤት ሆነሽ ይህን ያህል መጾምሽም ትልቅ ነገር ነው» አሉና ቀለል ያለች ቀኖና ሰጡኝ። ከዚያ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ ሌላ የምነግራቸው እንዳለ ጠየቁኝ።

ሰዓቴን አየሁ። እሷን የያዘው አውሮፕላን ተነሥቷል።

«የለም፣ አባቴ» አልኩና መስቀሉን ተሳለምኩ።