አርባ አንድ ስም፣ አርባ ውጤት

እንጀራዬን የምበላው ኮምፒውተር ላይ የሒሳብ ፕሮግራም በመጻፍ ነው። ሁለት የቁጥር ዝርዝሮችን እያጣመርክ አስላ ስለው፣ አንዱ አርባ አንዱ አርባ አንድ ከሆነ እንቢ ብሎ ይቆማል። ደግ አደረገ! ወጣት ባልደረቦቼ ግን የጎደለው የቱ ጋ እንደሆነ ሳይፈልጉ «መጨረሻው ላይ ዜሮ ጨምርና ይለፍ» ሲሉኝ እሳት እሆናለሁ። «ሰውዬው ምን ሆነ?» ይባባላሉ። ምን እንደሆንኩማ እኔ ነኝ የማውቀው።

በደርግ ጊዜ ከወልድያ ለመሠረተ ትምህርት ዘምቼ፣ ከመርሳ ወጣ ብላ ባለች የሀብሩ መንደር ጎልማሶችን አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ዘግይተው በመመዝገባቸው ከመዝገቡ መጨረሻ የሰፈሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው «ካረጁ አይበጁ» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸውም «ቆይ፣ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ስመጣ እንተያያለን!» ብለው ዝተዋል።

የፈተናው ዕለት የቅሬው፣ የዕድሩ ማለት ነው፣ ጥሩንባ ተነፋ። የሟች ዘመድ የሆነ አንድ ተማሪ ብድግ ብሎ ሳይፈተን ወደ ለቅሶው ሄደ፤ ማን ይከለክለዋል? የቀሩትን ወረቀቶች በመዝገቡ ተራ ደርድሬ አረምኩና ውጤቱን ብቻ ከላይ ወደ ታች በሌላ ወረቀት ጻፍኩ። ለሄደው ሰው ባዶ ቦታ መተው ረሳሁ። ከስሞቹ ጎን ሳስጠጋው ስሙ አርባ አንድ፣ ውጤቱ አርባ። ሪፖርቱን ወልድያ የሚያደርሰው መኪና ደጅ ሆኖ ክላክሱን ያንባርቃል። ከመጨረሻው ስም አንጻር ዜሮ ጻፍኩና ሰጠሁት። የእትዬን ወረቀት እኮ በገዛ እጄ ነው የተቀበልኩት!

የምስክር ወረቀቱ ሲታደል ያ ለቅሶ የሄደው ሰውዬ ተጠራ። ተጨበጨበለት። ሲያልፈኝ ሳቅ እያፈነው «መምህር፣ ቀብር ውዬ አለፍኩ!» አለኝ። ክው አልኩ። የፈተና ወረቀቶቹን አውጥቼ አንድ በአንድ ከስሞቹ ጋር አመሳከርኩ። ከእሱ ስም ጀምሮ ሁሉም ከሥሩ ያለውን ሰው ውጤት ወስዷል። የእትዬ ዘጠና ስምንት ከሳቸው በላይ ላለው፣ ለሳቸው የኔ ዜሮ።

ወረቀቶቹን ሳልሰበስብ እትዬ መጡ። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ጽፌ አንዱም ልክ አልሆነ?»

ስህተቱ የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ሪፖርቱን አስመልሶ ዘመቻውን የሚቆጣጠረው ካድሬ ፊት መቆም ፈራሁ። ካድሬው ገና ምንም አላለኝም እኮ፤ ገና ለገና ነው የፈራሁት። «ፈተናው ከብዶዎት ነው፣ እትዬ» አልኩ። ውሸታም!

«እኔስ ያወቅሁ መስሎኝ» አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ክፍል አልመጡም።

ከወራት በኋላ መርሳ ገበያ አገኘኋቸው። ከጤና ጣቢያ የተሰጠቻቸውን ብጣሽ ወረቀት ዘረጉልኝ። «አንብብልኝ ልጄ፣ እኔ መች አወቅሁ።»

«ማክሰኞ ጠዋት» ትላለች። ሁለቱንም ቃል ሰሌዳው ላይ ወጥተው፣ ያለማንም እርዳታ ሲጽፉ አይቻለሁ። አነበብኩላቸው።

«የተማረ ይግደለኝ!» አሉና ጉንጬን ሳሙኝ።