ዛፉን ያስጠጋው ፎቶ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ፎገራ ሩዙ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከየትም አብልጬ የምወደውን ቦታ እግሬ አልረገጠውም። ለዚህም ይመስለኛል ከአእምሮዬ ያልወጣው።

ወረታ ውስጥ አነስተኛ ፎቶ ቤት አለኝ። ለእንጀራዬ ሠርግና ክርስትና በዲጂታል አነሳለሁ። ለራሴ ደስታ ግን አንዲት ባለፊልም ካሜራ አለችኝ፤ ፊልሙንም ቤቴ ውስጥ ራሴ ነኝ የማጥበው። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር እሷን አንግቤ ጣና ዳር ወዳለች አንዲት መንደር እሄድ ነበር። አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ ከግቢያቸው ጥግ ያለችውን ጎጆ ለቀውልኝ እዚያ አድራለሁ። ጠዋት ታንኳዎቹን፣ ከሰዓት ሰዎቹን አነሳለሁ። ያጠብኩትን ፎቶ በሚቀጥለው ስሄድ ለየባለቤቱ እሰጣለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት መንደሩ ስደርስ ሰላምታዬን የሚመልስ ጠፋ። አጫጆቹ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አጎነበሱ። ሐዘን ይኖር ይሆናል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። የአያ ታከለ ጎረቤት ደሴ ማጭዱን እንደያዘ ከማሳው ወጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ደግሞ የማንን ልትወስድ መጣህ?»

አልገባኝም። «ደህና አደርክ ደሴ» አልኩት።

«ደህና አላደርኩም። መሬቴን በፎቶህ አስወስደህብኛል።»

የካሜራዋን ማንገቻ ከአንገቴ ጎተተው። ልከለክለው ስል ሌሎቹ ከበቡኝ፤ አንዱም ከኋላ ክንዴን ያዘኝ። ደሴ ክዳኗን ፈልቅቆ ፊልሙን እየመዘዘ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። መንገድ ላይ ያነሳሁት ሁሉ እዚያው ተቃጠለ። እውነት ለመናገር ግን ዓይኔ ማጭዱ ላይ ነበር።

ጩኸቱን ሰምተው ቄስ አላምረው መጡ። የደብሩ አገልጋይ ናቸው፤ ከመንደሩ ሽማግሌዎችም አንዱ ናቸው።

«ልቀቁት። የፈረድነው እኛ ነን፣ እሱ አይደለም» አሉ። ካሜራዬንም አስመለሱልኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ክረምቱ አልፎ ባሕሩ ሲሸሽ በለቀቀው መሬት አያ ታከለና ደሴ ተጣልተዋል። አያ ታከለ «እስከ ሾላው ድረስ ሳርስ የኖርኩት እኔ ነኝ» ብለው፣ እኔ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በእርሻ ወቅት አንስቼ የሰጠኋቸውን ፎቶ ለሽማግሌዎቹ አሳይተዋል። ፎቶው ላይ በሬዎቻቸው ሾላው ሥር ይታያሉ። ሽማግሌዎቹም ያዩትን አምነው ፈርደውላቸዋል።

«ፎቶውን ልየው» አልኩ።

ተያይዘን አያ ታከለ ቤት ሄድን። በር ላይ ቆመው ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው ሰጡኝ። ገና ሳየው ቀኑ ትዝ አለኝ። ታንኳ ላይ ሆኜ፣ ሩቁን በሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ያነሳሁት ነው። እንዲህ ያለ ሌንስ ከፊትና ከኋላ ያለውን ነገር ያጣብቀዋል። ሾላው ከበሬዎቹ ጀርባ ራቅ ብሎ ነበር። እንዲያውም የዚያን ቀን በሬዎቹ ከተፈቱ በኋላ ከአያ ታከለ ጋር ምሳ ልንበላ ወደ ሾላው ጥላ ስንሄድ የደሴን ጓያ አቋርጠን አልፈናል።

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም አስታውሰዋል። ዓይናቸውን ሰበሩ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«አባ፣ ነገሩ ፎቶው ላይ እንደሚታየው አይደለም» አልኳቸው ቄስ አላምረውን። «ዛፉን ያስጠጋው ሌንሱ ነው። በመካከሉ የደሴ ጓያ ነበር፤ በእግሬ አልፌበታለሁ።»

ረጅሙን ሌንስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ካሜራዋ ላይ ገጠምኩና ሰጠኋቸው። በር ላይ ቆመው ሾላውን አዩበት። አውርደው በዓይናቸው አዩ። እንደገና አነሱት። «እግዚኦ» አሉ ቀስ ብለው።

የአያ ታከለ ባለቤት እትዬ ጥሩ ከጓዳ ወጡ። «ወባ የጣለህ ጊዜ እዚህ ነው የተኛኸው። ያስታመምኩህም እኔ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ ጎጆዋ ገብተው ጋቢዬንና እዚያ ያስቀመጥኩትን ዕቃ አጥር ውጪ ጣሉት። አያ ታከለ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሁለተኛ እንዳላይህ።»

ደሴ እንኳ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። «ቀድሞ ባታነሳው ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ» አለኝ። «ሂድልን።»

ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ከኋላዬ ድንጋይ ተወርውሮ ትከሻዬን መታኝ። ከየትኛው ወገን እንደመጣ ዘወር ብዬ አላየሁም። አስፋልቱ ድረስ በፍጥነት ነው የሄድኩት።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀምጠው መሬቱን ለደሴ እንደመለሱለት በኋላ ቄስ አላምረው ወረታ ሲመጡ ነገሩኝ። እኔን ግን «ለጊዜው ባትመጣ ይሻላል» አሉኝ።

በቅርቡ ገበያ ላይ አያ ታከለን አየኋቸው። ሰላም ልላቸው ጠጋ ስል ፊታቸውን አዙረው አለፉ። እኔም አልተከተልኳቸውም። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እናገር ነበር፤ በዚህ አልጸጸትም። አልታዘብኳቸውም ብል ግን ውሸት ነው፤ ታዝቤያቸዋለሁ። ደግሞም በጣም ይናፍቁኛል።