በነጻ የምትጠገነው ስፖርት መኪናዬ

«ቲቸር፣ ምንም አያስቡ! ፍሪሲዮኑን እንደገና እናወርደዋለን» አለኝ ዛሬ ጠዋት ሜካኒኩ፣ ከመኪናዬ ሥር ተንጋሎ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ያገለገለች ስፖርት መኪና በጡረታ ዘመኔ የገዛሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ሜካኒኩ እዚሁ አቃቂ ያስተማርኩት ልጅ ነው። «ከእርስዎ የእጅ ዋጋ ብቀበል እናቴ ትረግመኛለች» ስለሚል የምከፍለው የዕቃውን ብቻ ነው።

ትክክለኛው ዕቃ ውድ በመሆኑ አዝኖልኝ የሚኒባስ ፍሪሲዮን በሞረድ አስተካክሎ ገጠመልኝ። እሱም ተቃጥሎ ካምቢዮውንም አብሮ አበላሸው። አሁን የሚያስፈልገው ዕቃ የአምስት ወር ጡረታዬን ይበላል። ከዚህ በኋላ አንድ ስህተት ቢደገም መኪናዋን እንደተበላሸች ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የለኝም።

«ልጄ፣ ዛሬ የእጅህን ዋጋ ትቀበላለህ» አልኩት።

«ኧረ ቲቸር! ምን አስቀየምኩዎት?»

«በነጻ የሚሠራን ሰው እንዴት ልቆጣው? ተቀበለኝና ልቆጣህ!»

እየሳቀ ገንዘቡን በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔም የክፍል ድምፄን አውጥቼ የልቤን ነገርኩት። ሳቁን አቆመ፤ ሞረዱን ወደ ሳጥኑ መልሶ ትክክለኛውን ዕቃ በስልክ አዘዘ።

እናንተስ፣ በነጻ የተሠራላችሁ ነገር ስንት አስወጣችሁ?